ለነባር ደንበኞቼ የመስኮት ጽዳት ዋጋ መጨመር ፈርቻለሁ፣ እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?

መሰላል_ላይ
ሰላም ለሁላችሁም። መስኮት ማጽዳት ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴን ጨረስኩ። ብቻዬን ነው የምሰራው፣ ስራ ሲበዛ ብቻ አንድ ረዳት ልጅ ይዤ እወጣለሁ። አሁን 58 ቋሚ ደንበኞች አሉኝ። አብዛኞቹ መኖሪያ ቤቶች ናቸው፣ ጥቂት ቢሮዎችና ሱቆችም አሉ።

ችግሬ ይሄ ነው። ከ58ቱ 23ቱ እስካሁን የሚከፍሉኝ ስጀምር የነገርኳቸውን ዋጋ ነው። ያኔ ስራ ቸግሮኝ ስለነበር ዋጋው ራሱ ዝቅ ያለ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነዳጁም፣ ጎማውም፣ ለልጁ የምከፍለውም ጨምሯል። የኔ ዋጋ ግን እዚያው ቆሟል።

ባለፈው ሳምንት አንዷ የድሮ ደንበኛዬ ቤት መሰላል ላይ ሆኜ ስሰራ ጎረቤታቸው ከአጥሩ ማዶ ጠራኝና "የኔንስ በስንት ትሰራዋለህ?" አለኝ። ቤቶቹ መንታ ናቸው፣ መስኮታቸው እንኳ እኩል ነው። አሁን ለአዲስ ሰው የምጠራውን ዋጋ ነገርኩት። ሳያቅማማ እሺ አለ። ከአጥሩ ወዲህ ያሉት እትዬ ደግሞ ከሱ በሲሶ ያነሰ ነው የሚከፍሉኝ። ሁለቱ ተገናኝተው ዋጋ ቢጠያየቁ እኔ ምን እላለሁ? ለአንዱ ወድጄለት ለሌላው ጨክኜበት አይደለም። ዝም ስላልኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ቀጥሎ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኛል። ሁሉም ጥለውኝ ቢሄዱስ?

ቀስ_በቀስ
አይዞህ ወንድሜ፣ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ሁሉም አይሄዱም። የሚሄዱት ጥቂት ናቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ተመልሰው ይመጣሉ። አምስት ዓመት ግን በጣም ቆየህ።

ሒሳብ_ወዳድ
ከፍርሃቱ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አንሳ። እኔ ይሄን ካደረግኩ በኋላ ነው እንቅልፍ የተኛሁት።

መጀመሪያ ምን እንዳጣህ እይ። የኑሮ ዋጋ በዓመት 6 በመቶ ብቻ ጨመረ ብንል እንኳ ከ5 ዓመት በፊት 100 የነበረው ነገር ዛሬ 134 ገደማ ነው። አንተ ዛሬም 100 ስትቀበል ያኔ 75 ከተቀበለ ሰው እኩል ነህ። ዋጋ አልጨመርኩም ብለህ ታስባለህ እንጂ በየዓመቱ ቅናሽ ስትሰጥ ነው የኖርከው። እነሱም ቅናሽ መሆኑን ስላላወቁ አላመሰገኑህም።

ሁለተኛው ትልቁ ነው። ቢሄዱስ ላልከው። ለአንድ ጉዞ 100 ትቀበላለህ፣ ለነዳጅ፣ ለረዳትና ለዕቃ 40 ይወጣል እንበል። 60 ቀረህ። በ23 ደንበኛ 1380 ማለት ነው። አሁን 15 ጨምር። ወጪህ ያው ስለሆነ የሚቀርህ 75 ይሆናል። 19 ደንበኛ ብቻ ቢቀርህ 1425 ታገኛለህ። ማለትም አራት ሰው ጥሎህ ሄዶም ከበፊቱ የተሻለ ይቀርሃል፣ አምስተኛው ሲሄድ ነው በትንሹ የምትጎዳው። በዚያ ላይ የአራት ቤት ሰዓት ነጻ ወጣልህ። ያንን ሰዓት በአዲሱ ዋጋ ለመሙላት እንደማትቸገር ደግሞ ያ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰውዬ አሳይቶሃል። እሺ ያለህ ሳያቅማማ ነው።

የራስህን ቁጥር አስገባበት። ወጪህ 40 ላይሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ቤት ግን የመንገዱን ሰዓት እንዳትረሳ። እኔ ዘንድ አንድ ቤት 100 ይከፍል ነበር፣ ስራው 50 ደቂቃ፣ መንገዱ ደርሶ መልስ 40 ደቂቃ። ሌላው 80 ይከፍላል፣ ስራው 35 ደቂቃ፣ ከቀደመው ቤት በእግር 5 ደቂቃ ነው። ብዙ የሚከፍለኝ የመጀመሪያው ይመስለኝ ነበር። በሰዓት ሳሰላው የመጀመሪያው 67 ገደማ፣ ሁለተኛው 120 ሆነ። ዋጋ መጨመር የነበረብኝ ጥሩ ከፋይ ነው ብዬ በምንከባከበው ሰው ላይ ነበር።

የማለዳ_ወፍ
ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ግን ሰው በሒሳብ ብቻ አይቆይም። አነጋገሩም ወሳኝ ነው። እኔ የተማርኩት ደንበኛ አጥቼ ነው።

የመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ የጨመርኩት በር ላይ ቆሜ ነው። ስራውን ጨርሻለሁ፣ ባልዲው በእጄ ነው፣ ጨርቁ ትከሻዬ ላይ ነው፣ ጓንቴ ገና እያንጠባጠበ ነው። ሴትየዋ ገንዘቡን ቆጥራ ስትሰጠኝ "ከዛሬ ጀምሮ ትንሽ ጨምሯል" አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ምንም አላለችም፣ ወደ ውስጥ ገብታ ጨምራ አመጣችልኝ። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሳችልኝም። ሶስት ዓመት የሰራሁላት ሴት ናት። ብዙ አስቤበት ነው የገባኝ። ዋጋው አልነበረም ያስቀየማት፣ እምቢ የምትልበት ጊዜ አለመስጠቴ ነው። ስራው ተሰርቶ አልቋል፣ መስታወቱ ያበራል፣ እኔ በሯ ላይ ቆሜያለሁ። ምን ትበል?

ከዚያ ወዲህ ከ30 ቀን በፊት በጽሁፍ ነው የምልከው፣ የሚቀጥለውን አንድ ጊዜ ደግሞ በድሮው ዋጋ እሰራለሁ። መልዕክቴ ይሄ ነው፣ ከፈለግክ ውሰደው፦

"ሰላም፣ እንደምን ሰነበቱ። ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ አንስቶ የቤትዎ የመስኮት ጽዳት ዋጋ ከ… ወደ … ይሆናል። ስራው እንደ ወትሮው ነው፣ ውስጥና ውጭ፣ ከፍሬሙና ከስር ጠርዙ ጋር። የቅርቡ ቀጠሮዎ በነበረው ዋጋ ይሰራል። መጠየቅ የሚፈልጉት ነገር ካለ ይደውሉልኝ። አብረውኝ ስለቆዩ ከልብ አመሰግናለሁ።"

በቃ ይሄው ነው። ይቅርታ የለበትም። መጀመሪያ አካባቢ "በጣም እያፈርኩ ነው የምጽፍልዎት" ብዬ እጀምር ነበር። እኔ ካፈርኩበት እነሱም የሚያሳፍር ነገር የሰራሁ ይመስላቸዋል።

መሰላል_ላይ
እህቴ አመሰግናለሁ፣ የበሩ ነገር ልቤን ነካው። እኔም ልክ እንደዚያ ላደርግ አስቤ ነበር። አንድ ጥያቄ። ምክንያቱን አልጽፍም? ነዳጅ ጨመረ ምናምን ብዬ?

የማለዳ_ወፍ
እኔ አልጽፍም። ከጠየቁኝ በአንድ አረፍተ ነገር እመልሳለሁ። ምክንያት ስትደረድር ድርድር ይከፈታል። ነዳጅ ካልክ "ነዳጅ ሲቀንስ ትቀንሳለህ ወይ?" ይሉሃል።

ደንበኛ_ነኝ
እኔ የዚህ ሙያ ሰው አይደለሁም፣ ቤቴን የሚያጸዳልኝ ሰው ስላለኝ ነው ይሄን ሁሉ ያነበብኩት። ከኛ ወገን ልንገራችሁ። እኔ ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ። ረጅም ወረቀት አይደለም፣ አንድ መስመር። ያለ ምንም ቃል ቁጥሩ ብቻ ሲመጣ "ከፋይ መሆኗን አየ፣ ጨመረባት" ነው የሚመስለኝ። ምክንያቱ ሲነገረኝ ግን ያው እኔም በምሸምተው ሁሉ የማየው ስለሆነ ይገባኛል።

ሌላው። ሰውየው ጥሎኝ እንዳይሄድ እኔም እፈራለሁ፣ ይሄን የምታውቁ አይመስለኝም። ቤቴን ያውቃል። የትኛው መስኮት እንደሚጣበቅ ያውቃል። ውሻዬ አትጮህበትም። አዲስ ሰው ቤት ማስገባት ቀላል ነገር አይደለም። ለዚያ ስል ትንሽ ጭማሪ አልቆጥርም።

ሒሳብ_ወዳድ
የደንበኛዋ ነገር በጥናትም የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ክኔች እና ሪቻርድ ቴለር ሰው የትኛውን የዋጋ ጭማሪ ፍትሃዊ ነው እንደሚል ጠይቀው ነበር። አንድ ሱቅ ከባድ በረዶ በጣለ ማግስት የበረዶ አካፋ ዋጋ ቢጨምርስ ሲሏቸው 82 በመቶው ልክ አይደለም አሉ። የነጋዴው የራሱ ወጪ ጨምሮ ያንን ወደ ገዢው ቢያስተላልፍስ ሲባሉ ግን አብዛኞቹ ተቀበሉት። ጭማሪው አንድ ሊሆን ይችላል፣ የመጣበት መንገድ ነው የሚለየው። ስለዚህ በዚህ ከየማለዳ ወፍ ጋር አልስማማም። አንዲት መስመር ይጻፍ፣ እውነት ትሁን፣ ሁለተኛ መስመር አይጨመርባት።

የማለዳ_ወፍ
አንዲት መስመር ከሆነች እሺ። የደንበኛዋን ሳነብ እኔም ማሰብ ጀምሬያለሁ።

ንጹህ_ውሃ
እኔ ስለ ወጪው ልጨምር። ብዙ ሰው "ባልዲና የጎማ መጥረጊያ ነው፣ ምን ወጪ አለው" ይላል። በአንድ በኩል እውነት አላቸው። ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ባለ አንድ ጎማ ቀላል መጥረጊያ ኤቶሬ ስቴኮኔ የሚባል ጣሊያናዊ ስደተኛ ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1936 የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ቅርጹ ብዙም አልተለወጠም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። መሳሪያው ስላልተለወጠ አንድ መስኮት ለማጽዳት የሚፈጀው ጊዜም ብዙ አላጠረም። ዊሊያም ባውሞል የሚባል የኢኮኖሚ ምሁር በ1960ዎቹ ይሄን በሙዚቀኞች አስረድቶታል። አራት ሰው የሚጫወተውን አንድ ሙዚቃ ከ200 ዓመት በፊትም አራት ሰው ነው የሚጫወተው፣ ዛሬም አራት ሰው፣ ያው ርዝመት። ፋብሪካ በሰዓት የሚያመርተው ይጨምራል፣ የሰራተኛውም ደመወዝ አብሮ ይጨምራል። የሙዚቀኛውም ክፍያ ካልጨመረ ሙያውን ትቶ ይሄዳል። የኛም እንደዚያ ነው። ረዳትህ ሌላ ቦታ የተሻለ ካገኘ ይሄድብሃል፣ አንተ ደግሞ መስታወቱን በግማሽ ጊዜ ልታጸዳው አትችልም። የሚቀርህ ዋጋ ብቻ ነው።

በረጅም ዘንግ በተጣራ ውሃ የምትሰሩ ደግሞ ሌላ ወጪ አለባችሁ። ውሃው ውስጥ የሟሟ ማዕድን ካለ መስታወቱ ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ይጥላል። ለዚህ ነው በማጣሪያ አሳልፈን መለኪያው ዜሮ እስኪያሳይ የምንጠብቀው። ማጣሪያው ውስጥ ያለው ማዕድኑን የሚይዘው ሬዚን ያልቃል። ውሃው ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ከሆነ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ይሄን ደንበኛ አያየውም። መሬት ላይ ቆመን ዘንግ ስናወዛውዝ ነው የሚያየው፣ መሰላል የለም፣ ሳሙና የለም፣ ቀላል ስራ ይመስለዋል። አንድ ቀን አንዱን ደንበኛ ጠርቼ መለኪያውን መጀመሪያ የቧንቧ ውሃ ውስጥ፣ ከዚያ የኔ ውሃ ውስጥ ከተትኩለት። ቁጥሩ ከ210 ወደ 0 ሲወርድ በዓይኑ አየ። ስለ ዋጋ ድጋሚ አላነሳብኝም።

ባለ_ባልዲ
ልጆቼ፣ እኔ በዚህ ስራ 27 ዓመቴ ነው። ጉልበቴ እንደ ድሮው ስላልሆነ አሁን ለሌሎች ቀጠሮ እይዛለሁ እንጂ ብዙ መሰላል አልወጣም። የመከራችሁት ሁሉ ጥሩ ነው። የቀሩትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አትንካ። መጀመሪያ ቢሄድም የማይቆጭህን ምረጥ። ሩቅ ያለው፣ ቀጠሮ የሚሰርዘው፣ ሶስት ጊዜ ካልተደወለለት የማይከፍለው። እሱ ላይ ሙሉውን ጨምር። ቢሄድ ሰዓትህን አተረፍክ፣ ቢቆይ ቢያንስ ድካምህን ከፈለ። ቃሉንም በሱ ላይ ትለማመዳለህ። ከዚያ ወደ ልብ ደንበኞችህ ስትመጣ ድምጽህ አይንቀጠቀጥም።

ሁለተኛ፣ "ጨምር እሺ፣ ግን በ4 ሳምንት ሳይሆን በ8 ሳምንት ና" የሚሉ ይመጡብሃል። መልካም ሰዎች ናቸው፣ ኪሳቸውን እያዩ ነው። አንተ ግን ዝም ብለህ እሺ አትበል። በዓመት 13 ጊዜ የምትሄድበት ቤት 6 ወይም 7 ጊዜ ብቻ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሁለት ወር የቆየ መስታወት የአንድ ወሩን ያህል ቶሎ አይለቅም። ፍሬሙ ጥግ ላይ አቧራው ጠጥሯል፣ የወፍ ኩስ ደርቋል፣ ጨርቁን ሁለቴ ታጥባለህ። ስለዚህ የ8 ሳምንት ዋጋ ሌላ ነው፣ ከ4 ሳምንቱ የበለጠ ነው፣ ከመጀመሪያውም ሁለቱን ዋጋ አብረህ ንገራቸው። ይምረጡ።

ሶስተኛ፣ ዋጋ ቀንስ ካሉህ ስራውን ቀንስ እንጂ ዋጋውን ብቻ አትቀንስ። ውጩን ብቻ ይሁን፣ ወይም የላይኛው ፎቅ ይቅር። ሰው ሳይከፍልህ ስንት ነገር እንደምትሰራ ቁጠር። የትንኝ ወንፊቱን ታጥባለህ፣ መስኮቱ የሚንሸራተትበትን ሀዲድ ትጠርጋለህ፣ የበሩን መስታወት እግረ መንገድህን ትወለውላለህ። አትክልት ማጠጫው የረጨበት መስታወት ላይ የሚቀረውን የማዕድን እድፍ ሳይቀር በነጻ የሚፍቅ አይቻለሁ። እሱ ራሱን የቻለ ስራ ነው፣ ለብቻው ይከፈልበታል።

መሰላል_ላይ
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። ሀዲዱንም ወንፊቱንም በነጻ ነው የምሰራው፣ ከየት አወቁብኝ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። እዚያ ቤት ያሉት እትዬ ከአጥሩ ወዲህ ያልኳችሁ፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የመጀመሪያዬ ደንበኛ ናቸው። ስልኬን ለስድስት ሰው የሰጡልኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ላይ እንዴት ብዬ?

ሒሳብ_ወዳድ
ከባድ ነው ግን ለሁሉም እኩል መሆን አለበት። አንዱን ከለየህ መስመሩ ይጠፋብሃል፣ ነገ ሌላውም ምክንያት አለው።

ባለ_ባልዲ
በዚህ አልስማማም ልጄ። እኔ እስከ መጨረሻው ዋጋ ያልጨመርኩባቸው ሁለት ቤቶች ነበሩ። ግን ወስኜ ነው እንጂ ፈርቼ አልነበረም። ደብተሬ ላይ ከስማቸው አጠገብ ጽፌዋለሁ፣ ይሄን ያህል ለዚህ ሰው እየተውኩ ነው ብዬ። ሰጥቼ ነው እንጂ ተወስዶብኝ አይደለም። ስድስት ሰው የላከልህ ሰው ከፍሎሃል። ብቻ ሁለት ሶስት ቤት ይሁን፣ ሃያ ሶስት አይሁን።

እንዲያም ሆኖ ንገራቸው። "ዋጋዬ አሁን ይሄ ነው፣ ለእርስዎ ግን በድሮው እቀጥላለሁ" በላቸው። ጎረቤታቸው ሲያወራቸው ያን ጊዜ ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

ሒሳብ_ወዳድ
ደብተር ላይ ከተጻፈ እቀበላለሁ ጋሼ። ተቆጥሮ የሚሰጥ ስጦታ ነው።

ቀስ_በቀስ
እኔ ደግሞ ለወደፊቱ። አምስት ዓመት ጠብቆ በአንዴ ይሄን ያህል መጨመር ነው ሰውን የሚያስደነግጠው። እኔ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር ትንሽ እጨምራለሁ፣ አዲስ ደንበኛ ስይዝ ገና በመጀመሪያው ቀን እነግረዋለሁ፣ "ዋጋዬን በዓመት አንዴ አያለሁ" ብዬ። ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በእርጥቡ። ሳሙናው መስታወቱ ላይ ከደረቀ በኋላ ብትጎትተው መስመር ነው የሚተውልህ፣ ይሄም ያው ነው። በየዓመቱ ስጨምር አንድም ሰው ደውሎ አያውቅም። ለቢሮዎቹ ደግሞ ውሉ ላይ ነው የማሰፍረው፣ በዓመቱ ዋጋ እንደሚስተካከል። እነሱ በጀት ስለሚይዙ ቀድመው ቢያውቁ ይመርጣሉ፣ ሳይነገራቸው ሲመጣ ነው ሌላ ሰው የሚፈልጉት።

አንተ ግን ልዩነቱን በአንዴ ትጨምራለህ ወይስ በሁለት ትከፍለዋለህ?

መሰላል_ላይ
በሁለት ልከፍለው ነው ያሰብኩት። አሁን ግማሹን፣ ከዓመት በኋላ ቀሪውን። ሁለቱንም አሁኑኑ በጽሁፍ ላሳውቅ ወይስ የአሁኑን ብቻ?

ደንበኛ_ነኝ
ሁለቱንም አሁን ንገረን። ሁለተኛ መደንገጥ አይኑር።

መሰላል_ላይ
ሰላም፣ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው፣ የመጣሁት ውጤቱን ልነግራችሁ ነው።

ጋሼ እንዳሉት ከሩቆቹ ጀመርኩ። ለሰባት ሰው ላክሁ። አንዱ ያን ቀጠሮ የሚሰርዘው ሰውዬ አልፈልግም አለ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ስድስቱ እሺ አሉ። ከዚያ ለተቀሩት ላክሁ፣ የየማለዳ ወፍን መልዕክት ይዤ አንዲት የምክንያት መስመር ጨምሬ። ከሁሉም ውስጥ የሄዱት ሶስት ናቸው። ሁለቱ ወደ 8 ሳምንት ወረዱ፣ ሁለቱንም ዋጋ አስቀድሜ ስለነገርኳቸው ክርክር አልነበረም። አንዲት ሴት ደግሞ "ለምን እስከዛሬ አልጨመርክም ብዬ አስብ ነበር" ብላ መለሰችልኝ። ያንን መልዕክት አራት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

የእትዬ ግን ሌላ ሆነ። ቤታቸው ሄጄ ነው የነገርኳቸው፣ በጽሁፍ አልላክሁም፣ ከስራ በፊት ቁጭ ብዬ። "ዋጋዬ አሁን ይሄ ነው፣ ለእርስዎ ግን በድሮው ነው" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ተነስተው የኔን ስም የጻፉበትን ቀን መቁጠሪያ አመጡ፣ በየወሩ የምመጣበትን ቀን በክብ ያሰሩበት ነው። "ጎረቤቴ የሚከፍልህን ነግሮኛል፣ መቼ ትነግረኛለህ ብዬ እየጠበቅሁህ ነበር" አሉኝ። አሁን ሙሉውን ነው የሚከፍሉኝ፣ እምቢ ብል አልሰሙኝም። የኋላውን የማብሰያ ቤት መስኮት ሀዲድ በነጻ እጠርግላቸዋለሁ። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ባለ_ባልዲ
ጎበዝ።

የማለዳ_ወፍ
ደስ ሲል! ያቺን የድሮ ደንበኛዬን ዛሬ ልደውልላት ነው። ዋጋ ላነሳባት አይደለም፣ ያን ቀን በር ላይ ስላደረግኩት ነገር ይቅርታ ልላት ነው።